ዝናብ ያለበት ካሴት

ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ ካሴቱ እንደ ሰከረ ሰው መንተባተብ ሲጀምር፣ ፌንጣ አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ ስልኳን ትነካካ ነበር። ቅጽል ስሟን ያወጣላትን ዝላይ ዘላ ተነሥታ ማቆሚያውን ተጫነች። የቴፑን ክዳን ስትከፍት ቡናማው ክር እንደ ተተረተረ ሹራብ ተከትሏት ወጣ፤ ጫፉ ግን ከትንሿ ጎማ ሥር ተጠምጥሞ ቀረ። ቀስ ብላ ሳበችው። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጋ ሳበችው። አሁን እሺ አለ፤ ተበጥሶ።

«በቃ፣ ሞቻለሁ» አለች።

መሬት ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ቀና እንኳ አላለችም። የተበላሸ ነገር ሁሉ ስለምትፈታታ ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላታል፤ መልሳ መግጠሟን ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

«ምን ታካብጃለሽ? ዘፈኑን እንደሆነ ገልብጠነዋል። ያውም ከዋናው አሥር እጅ የሚሻል።»

እውነቷን ነበር። ካሴቱ የ«ጎረቤታሞቹ» የመጨረሻ ዝግጅት የተቀዳበት ነው። ጎረቤታሞቹ ከአንድ መንደር የወጡ አምስት ወጣቶች ነበሩ፤ የእናቶቻቸውን እሹሩሩና የአጨዳ ዘፈን ከዋሽንትና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋቡ። ያን ዕለት ዝናብ ይጥል ስለነበር የአዳራሹ ቆርቆሮ ከዘፋኙ እኩል ይጮሃል። ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ያስላል፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ማይክሮፎኑ አጠገብ ያልጎመጉማል። ሁለቱ ልጆች ሦስት ሰዓት ሙሉ ያን ሁሉ ጫጫታ በፕሮግራም ሲያጥቡ ዋሉ። ፌንጣ ሰውዬውን ስታጠፋ፣ «ዝም ብሎ ቢሰማ ምን ነበረበት?» ብላ ስቃ ነበር። አሁንም ካሴቱን የከፈተችው ከታጠበው ጋር ልታወዳድር ነው።

«ያልታጠበው አለ አይደል?»

«እላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት» አለች ኢንጂነሯ። «ማን ቆሻሻ ያስቀምጣል? ስሚ፣ ካሴቱን ደብቂው። ከጠየቀችሽ አርጅቶ በራሱ ተበጠሰ በያት። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ አርጅቷል።»

ፌንጣ ካሴቱን በመጣበት መሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ካሴቱ የእማማ ነው። እማማ አያቷ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የምታስይዝ፣ አምስት ደቂቃ ካረፈደች ሦስቴ የምትደውል፣ ሁለት ብርጭቆ አንድ ላይ የማታስነሣት አያት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ «ሹራብሽን ልበሺ፣ ይበርድሻል» ሳትላት ያለፈ ቀን የለም። ፌንጣም ጥጉ ጋ እስክትደርስ ለብሳ፣ ከዚያ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትወሽቃለች። ይህች ሴት ናት በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አምና የሰጠቻት። «የፀጉር ቤቱ ቴፕ ሊሞት ደርሷል። በፍላሽ ገልብጭልን» ብላ፣ መሐረቡን በሁለት እጇ አስረክባ፣ «እንደ እንቁላል ያዢው» አለቻት።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ተዘግቷል» ወደሚለው ያዞረዋል። ከዚያ የጎረቤታሞቹ ወዳጆች ይሰበሰባሉ፦ እሱ ራሱ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከጤና ጣቢያ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ የምትመጣው ነርስ፣ እና እማማ። ፌንጣ ከዚህ በፊት ገብታ አታውቅም። ዛሬ ለመገልበጥ የተዋሰችውን የፀጉር ቤቱን ቴፕ በአንድ እጇ፣ ፍላሹን በኪሷ ይዛ ገባች። በተሽከርካሪው ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«ሁለተኛው አልበም ነው የሚበልጠው» ይላል ሹፌሩ።

«አንተ የምትወደው ረጅም ስለሆነ ነው» አለች ነርሷ። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ያደርስሃላ።»

«ሳቂ። ዋሽንቱ ሲገባ መውረጃውን የረሳ ስንት መንገደኛ አለ መሰለሽ? መልሼ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ በከበሮው እየተመራሁ ስቆርጥ የስንቱን ፀጉር ወጣ ገባ አድርጌዋለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከበሮ መቺው ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። እኔ እጠብቀዋለሁ፤ ደንበኛው አይጠብቅም።»

እማማ ስትስቅ ትከሻዋ ተነቀነቀ። ፌንጣ እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም።

ፍላሹ ድምፅ ማጉያው ላይ ተሰካ። የመጀመሪያው ዘፈን እንደ መስታወት ጠርቶ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጥራቱን ግን አያችሁ?» አለ። ሹፌሩ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ዝናቡስ?»

«አባርቶ ይሆናላ» አለች ነርሷ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር አራቱም ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። እማማ የደረበችውን ሹራብ ቀስ ብላ አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች። ጊታሩ ዝግ ሲል፣ አራት አፎች እንደ አንድ ተከፈቱ፦

«ሹራብሽን ልበሺ፣ ይበርድሻል።»

ከድምፅ ማጉያው ግን ምንም አልመጣም። የአራቱ ድምፅ ባዶ ላይ ወድቆ ቀረ። እማማ ሹራቧን እንደያዘች ቀረች።

«ምንድን ነው?» አለች ፌንጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያትሽ ነው፣ ባለቤቷ። የአዳራሹ መብራት ሠራተኛ ነበር፤ ቴፑን ወንበር ሥር ደብቆ ሲቀዳ አጠገቡ ለተቀመጠችው ለእሷ ይህችን ተናገረ። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለውም። በየወሩ አራታችንም አብረነው እንላለን፤ እሷም ትለብሳለች። ሥርዓታችን ነው።»

ፌንጣ አያቷን የምታውቀው ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ነው። ከመወለዷ በፊት ነው የሞተው። «ዝም ብሎ ቢሰማ ምን ነበረበት?» ያለችው ትዝ ሲላት ወንበሩ ሳይዞር ዞረባት።

«ፍላሹ ይሆናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ወይ ካሴቱ አርጅቶ ድምፁን በልቶት ይሆናል። አርባ ዓመት ቀላል ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«አርጅቶ ነው» አለች እማማ ቀስ ብላ። «እኔስ መች ቀረሁ።»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ በትልልቅ ሰዎች አፍ ተነግሮ ቀረበላት። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ኢንጂነሯ ናት፦ «አለፈ?»

ፌንጣ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረቡን አወጣች።

«አላረጀም፣ ጋሼ። ዝናቡን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የእሱንም ድምፅ። ጫጫታ መስሎኝ። ካሴቱንም እኔ ነኝ የበጠስኩት፣ በጉልበት ስቤ። እማማ፣ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

እማማ መሐረቡን ፈታችው። የተጨማደደውን ክር በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«እንደ እንቁላል ያዢው ብዬሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ሦስት ቀን ምሳሽን የመለስሽው ለዚህ ነው?» ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኔ ደግሞ ታመመች ብዬ እንቅልፍ አጥቼ። የሳንባ ምች ነው ብዬ።»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አውቶቡሱ ላይ በወር ሁለቴ ይበጠስብኝ ነበር። መቀስና ስኮች አምጣ።»

መቀስ በፀጉር ቤት አይጠፋም። የጠፋው እጅ ነው። የሹፌሩ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ፣ ነርሷ መነጽሯን ረስታለች፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እኔ ፀጉር እንጂ የሰው ድምፅ ቆርጬ አላውቅም» ብሎ አፈገፈገ። ሁሉም ወደ ፌንጣ ዞሩ።

«እሷ ትሥራው» አለች እማማ። «ጣትሽን እንዳትቆርጪ ብቻ።»

ሹፌሩ እየነገራት የተጨማደደውን ቆረጠች፤ የጣቷን ርዝመት ያህል ነበር። ሁለቱን ጫፎች አፍ ለአፍ ገጠመች፣ በጀርባው ስኮች ለጠፈች፣ የተረፈውን ከረከመች። እማማ ሙሉ ጊዜውን ከጎኗ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። ከዚያ ክሩን በእስክሪብቶ እያዞሩ ወደ ካሴቱ መለሱትና ቴፑ ላይ ከተቱት።

መጀመሪያ ዝናቡ መጣ። ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። ወንበር ተንቋቋ፣ ሰው አሳለ፣ ጊታሩ ዝግ አለ። ከዚያ አንድ ወፍራም፣ የሚንሾካሾክ ድምፅ፦

«ሹራብሽን ልበሺ—»

ቀጥሎ ዋሽንቱ። የተቀረው ቃል መሬት ላይ፣ ከተቆረጠው ፀጉር መሀል ወድቋል። የአራቱ አፍ ተከፍቶ ቀረ። እማማ ወደ ፌንጣ ተመለከተች።

«ይበርድሻል» አለች ፌንጣ።

እማማ ሹራቧን ለበሰች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቷ ቆለፈች።

«ይኸው፣ ከበሮ መቺው ዛሬም ዘገየ» አለ ሹፌሩ፤ አፍንጫውንም በመሐረብ ጠረገ።

ስልኩ እንደገና ነዘረ። ፌንጣ አውጥታ አየችው፤ ያው ጥያቄ ነው። «ነግሬያቸዋለሁ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፦ «የሚቀጥለው ወር አብረሽኝ ትመጫለሽ። ሹራብ ያዢ።»