አራተኛው ፊልም ለምን መጨረሻ ወጣ

አቶ ማንያዘዋል በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጆቻቸው በጎንና በጎናቸው ተዘርግተው፣ ዓይናቸው ተከድኖ ተገኙ። ጭንቅላታቸው ያረፈበት የድንጋይ ደረጃ ጠርዙ ደም ነክቶታል። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው፤ ድምፅም ሥዕልም የለው፣ ሰማያዊ ብቻ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት፣ ቦታው ኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ናት።

መርማሪ ዘቢደር ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ዘቢደር መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ጣቢያ ውስጥ ያለው ወንበሯ ስድስት ዓመት ሆኖት ዛሬም አዲስ ይመስላል። አለቃዋ አሎን ግን ነገር በቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው።

«አዳልጦት ወደቀ፤ አበቃ» አላት።

«ወድቆ የሞተ ሰው ዓይኑን ራሱ አይከድንም። እጁንም እንዲህ አያስተካክልም።»

አሎን ራሱን አከከና በሩ ላይ ወደቆመው ሙላት ዞረ። «እንግዲያው ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል፤ ‹ስድስተኛውን አንደኛ ካደረግህ እገድልሃለሁ› ብሏል። እወስደዋለሁ። ዓርብ ዳኛ ፊት ይቀርባል።»

ሙላት የሠላሳ አምስት ዓመት አናጺ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። «እህቴ፣ አልነካኋቸውም። ከደጃፉ ሆኜ አየሁና ስልክ ደወልሁ። እሑድ ጠዋት ሚስራድ ሃፕኒም፣ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጠሮ አለኝ፤ የእናቴ ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጎንደር ላይ ስትጠብቅ ቆይታለች። እሑድ ካልተገኘሁ ፋይሉ እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ እሷ ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ዓመት የላትም።»

ዘቢደር እንደገና ወደ መስኮቱ ሄደች።

ጭቅጭቁ ስለ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ግድግዳውን ማየት በቃ። ሙሉ ግድግዳው የቪዲዮ ካሴት ነው። ሁሉም የአንድ ሰው ጀብዱ ነው፤ ኮልዳን የሚባለው፣ በሕፃንነቱ ጫካ ጠፍቶ ከአውሬ ጋር ያደገው ጀግና። ዐሥራ አንድ ፊልም ተሠርቶለታል። አቶ ማንያዘዋል በወጣትነታቸው ጎንደር ሲኒማ ቤት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ፤ ኮልዳንን ያላሳዩት የቤተ እስራኤልም ሆነ የክርስቲያን ልጅ በከተማው አልነበረም። እዚህ ከመጡ ወዲህ በየሰኞው ሙላትን ጨምሮ ሦስት ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ፊልሞቹን በደረጃ ያወጣሉ። ዐሥራ አንድ ስኒ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ሰው ዐሥር የሽምብራ ፍሬ ይዞ ለወደደው ይጥላል። ጎረምሶች ኳስ ላይ እንደሚጣሉት እነሱም በየሰኞው ይጣላሉ፤ በሳምንቱ ታርቀው ይመጣሉ።

ሰሞኑን ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፏል። የከተማው አንድ ፊልም ቤት የኮልዳንን ሳምንት ሊያከብር አስቦ፣ ከፍተኛ ደረጃ ያገኙትን ሦስቱን ብቻ ለሕዝብ እንደሚያሳይ ነገራቸው። ዝርዝሩን የሚሰጡት አቶ ማንያዘዋል ናቸው። ዘቢደር ቤቱን ከላይ እስከ ታች በረበረች። ዝርዝሩ የለም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ወረቀት ግን አንድ ሰው አስለቅቆታል።

የቀሩት ወዳጆች ሁለት ናቸው። ወይዘሮ ልቅናሽን በዚያው ቀን ከሥራ ቦታቸው፣ ከአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አገኘቻቸው። ጥንት በዚያው ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ዘቢደርን ገና ሲያዩ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፣ እንባቸውን በትከሻዋ ላይ ጠረጉ።

«ሙላት ነው ይላሉ፣ እትዬ ልቅናሽ።»

«ሙላት? እሱ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊቱን ያዞራል። በየሰኞው የማንገድለው ማን አለ? እኔ ራሴ ማንያዘዋልን ስንቴ ገድዬዋለሁ» አሉ። «ስድስተኛው ላይ ኮልዳን ከተማ ገብቶ ከረባት ያስራል። ሙላት ያን አይወድም፤ ማንያዘዋል ሊያናድደው ያወድሳል። ወሬው ይኸው ነው።»

«አንደኛ የሚወጣው የትኛው ነበር?»

«ሁልጊዜ አራተኛው ነዋ። የጢስ ዓባዩ። ፈረንጆቹ መጥተው እኛው አገር ያነሡት። ይርጋለም ከፏፏቴው የዘለለበት።»

ይህን ታሪክ ያልሰማ የጎንደር ሰው በኢየሩሳሌም አይገኝም። የፊልሙ ተዋናይ ፏፏቴውን አይቶ ሲፈራ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ይርጋለም በእሱ ፈንታ ዘለለ። ዛሬ አቶ ይርጋለም የስድሳ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር ትምህርት ቤት ጠርገው ጡረታ ወጡ። የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ ናቸው፣ የተከበሩ ናቸው፤ ሆኖም ልጆች በመንገድ የሚጠሯቸው «ኮልዳን» እያሉ ነው፣ እሳቸውም ለዚህ ስም ዞር ይላሉ።

ረቡዕ በማለዳ፣ ቀብሩ ሳይፈጸም፣ ዘቢደር ከኢየሩሳሌም አጠገብ መቫሰረት ጽዮን ወዳለው የአቶ ይርጋለም ልጅ ቤት ሄደች። አቶ ይርጋለም ከቤት ውጭ፣ ከግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እጇን ስትዘረጋ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። መታወቂያ ስትጠይቃቸውም ከኪሳቸው አውጥተው ግንቡ ላይ አኖሩላት፤ አንሥታ አየችው።

«መቼ ነው ያገኟቸው፣ ጋሼ ይርጋለም?»

«ሰኞ፣ እንደ ወትሮው። ማክሰኞ ከዚህ አልወጣሁም።»

«ሬሳውን አላዩም?»

«ምኑን አየዋለሁ፣ ልጄ? ወሬውን ነው የሰማሁ።»

ምራታቸው ስመኝ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዛ መጣችና እሷም ግንቡ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ከጦር ሠራዊት በፈቃድ የመጣው የልጅ ልጃቸው አዲር ሊስማቸው ጎንበስ ሲል «ቆይ፣ ጉንፋን ይዞኛል» ብለው መለሱት። ልጁ በተሰባበረ አማርኛ ለዘቢደር «አያቴ ... በፊልም ቤት፣ ቢማ፣ መድረክ ላይ ይወጣል። እኔ ሁሉን ሐቬሪም፣ ጓደኞች፣ አመጣለሁ» አላት፤ ዓይኑ ይበራል። አቶ ይርጋለም የዝላዩን ታሪክ ሲያወጉላት ድምፃቸው እንደ ደወል የጠራ ነበር፤ ጉንፋን የሚባል ነገር ያለፈበት አይመስልም። ዘቢደር «ፖሊስ ስለሆንሁ ጠልተውኝ ነው» ብላ ሄደች። ብልጥ ሰውም አንዳንዴ በገዛ እጁ ይታለላል።

ሐሙስ ፊልም ቤት ደወለች። ሃጊት የምትባለው ኃላፊ ዝርዝሩን አቶ ማንያዘዋል ሰኞ ማታ በስልክ እንዳስጻፏት ነገረቻት። ዘቢደር ስልኩን ይዛ ክፍሉን ትዞራለች፤ ገመዱ ወንበሩን ጠለፈው።

«አራተኛው ስንተኛ ወጣ?»

«ዐሥራ አንደኛ። መጨረሻ። እኔም ደንግጬ ለምን አልሁት። የነገረኝ ግን በመካከላችን ይቅር ብሎ ነው።»

«ሃጊት፣ ሰውየው ሞቷል። አንድ ያልበደለ ሰው ደግሞ ታስሯል።»

ሃጊት የተባለችውን ሁሉ ነገረቻት። ዘቢደር ስልኩን ዘግታ በማጫወቻው ውስጥ የተገኘውን ካሴት አስመጣች። ፊልም ቤቱ ለአቶ ማንያዘዋል ያዋሳቸው የአራተኛው ፊልም አዲስና ንጹሕ ቅጂ ነው። ፏፏቴው ላይ ስትደርስ አቁማ አየች፤ መልሳ አየች። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ አስጠላት። የዚያን ቀን ማምሻውን ግን ስትንጎራደድ ያመሸችው ስለ ፊልሙ አልነበረም። ግንቡ ላይ ስለ ተቀመጠችው መታወቂያ እያሰበች ነበር፤ ያን ጊዜ የገዛ አባቷ ትዝ አሏት።

ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉንም በሟቹ ቤት ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሙላት እጁ ታስሮ መጣ። አሎን ሰዓቱን ያያል፤ ዳኛው ለሰንበት ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ወይዘሮ ልቅናሽ ሙላትን ጉንጩን ሳሙት። አቶ ይርጋለም ከሁሉም ርቀው የግቢው ደረጃ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ዘቢደር ዳቦ ይዛ መጥታለች። ቆርሳ ለወይዘሮ ልቅናሽ ሰጠች፣ ለሙላት በአፉ አጎረሰችው። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄደች።

«ይቀበሉኝ፣ ጋሼ።»

«እዚያው ግንቡ ላይ አስቀምጪልኝ፣ ልጄ።»

«ዛሬም ጉንፋን ነው?»

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። ዘቢደር ዳቦውን ያዘችውና መራመድ ጀመረች።

«ልጅ ሳለሁ አጎቴ ሞተ፤ የገነዘው አባቴ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ወግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይለያል፣ ሰው አይነካም፣ ከሰው እጅ አይቀበልም። ምግቡን ድንጋይ ላይ አኑረንለት እንሸሻለን። ሮጬ ልቀፈው ብል እናቴ ይዛ አስቀረችኝ። የዛሬ ልጅ ይህን አያውቅም። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እዚህ መጥተው ትተውታል፤ እትዬ ልቅናሽ ሆስፒታል እየሠሩ እንዴት ይጠብቁታል? ስለዚህ ሰውን ያቀፈ ሁሉ ሬሳ አልነካም አልልም። የቄስ ልጅ ግን የለመደውን አይጥልም። ጋሼ ይርጋለም ረቡዕ ማለዳ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። የልጅ ልጃቸውን እንኳ አላስጠጉም።»

«ወዳጁ ሞቶበት ነው» አሉ ወይዘሮ ልቅናሽ።

«ወዳጁ የሞተበት ያዝናል እንጂ አይረክስም፣ እትዬ። በዚህ አገር ሬሳ የሚያጥቡትም የሚቀብሩትም የቀብር ማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ረቡዕ ማለዳ ደግሞ ገና አልተቀበሩም። በመቫሰረት ሌላ ሰው ሞቶ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ አልሞተም። ታዲያ ማንን ነክተው ነው ሰባት ቀን የሚቆጥሩት?» ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «የጋሼ ማንያዘዋልን ዓይን የከደነ ሰው አለ። እጃቸውን ያስተካከለ ሰው አለ። ሌባ ወይም ጠላት ይህን አያደርግም። የሚወዳቸው ሰው ነው ያደረገው። አፍ ‹አልነበርሁም› ሊል ይችላል። የእርስዎ እጅ ግን መዋሸት አቃተው።»

አቶ ይርጋለም ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ዝርዝሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አሉ። «ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ አየሁት። አራተኛው ከሁሉም በታች! አዲር ለጓደኞቹ ሁሉ ነግሮ ጨርሷል። ለምን ብለው ዝም አለኝ። ‹ቅናት ነው፣ አንተ ሕይወትህን ሙሉ ማሽን ስታዞር ኖርህ፣ እኔ ዘለልሁ› አልሁት። አሁንም ዝም አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ነው እንጂ መግደል አልነበረም ሐሳቤ። ወረቀቱን ይዤ ልወጣ ስል ዓይኑ ፈጦ ያየኛል። የአርባ ዓመት ጓደኛዬን ዓይኑ እንደፈጠጠ ጥዬው እንዴት ልውጣ?»

«ሙላትንስ?» አሉ ወይዘሮ ልቅናሽ። «የዚህን ልጅ እናት ምን ልታደርጋት ነበር?»

«በየቀኑ ልናገር እነሣለሁ፤ አዲርን ሳይ እቀመጣለሁ።»

ዘቢደር ይህን ብቻ ሰምታ ልትሄድ ትችል ነበር። ግን እውነቱ ግማሹ ነው የወጣው፤ ቀሪውም ለእኚህ ሰው እንደሚከብድ ታውቃለች። በጣም አዘነችላቸው፣ ተናደደችባቸውም።

«በቅናት አይደለም ያወረዱት፣ ጋሼ። ፊልም ቤቱ የሚያሳየው አዲስ ቅጂ ነው። በአሮጌው ካሴት ከፏፏቴው የሚወርደው ጥላ ብቻ ነው። በአዲሱ ግን አንድ እጁ ተገንጥሎ ገለባው ሲበተን ይታያል። የወደቀው አሻንጉሊት ነው።»

አቶ ይርጋለም ምድሩን አዩ። «አፋፉ ላይ ደረስሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እግሬ እንቢ አለኝ። ሳቁብኝና አሻንጉሊቱን ወረወሩ። ማንም አላየም ብዬ ...»

«ጋሼ ማንያዘዋል ፊልሙ በተበጠሰ ቁጥር በእጃቸው የሚቀጥሉት እሳቸው ነበሩ። ሥዕሉን አንድ በአንድ በብርሃን አይተውታል፤ ገና ጎንደር ሳሉ። ለሃጊት ያሏት ይህ ነው፦ ‹ይህ ፊልም ለሕዝብ ከታየ አንድ ወዳጄ በልጅ ልጁ ፊት ይዋረዳል። መጨረሻ አድርጊው፣ ማንም አይየው።› በየሰኞው ግን ሽምብራቸውን ሁሉ ለእርስዎ ፊልም ይጥሉ ነበር።»

አቶ ይርጋለም ፊታቸውን ወደ ወይዘሮ ልቅናሽ አዙረው እንደ ሕፃን ጠየቁ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ስጮህበት፣ ስሰድበው፣ ለምን አንድ ቃል አልተናገረም?»

«ቢነግርህ ኖሮ እንደሚያውቅ ታውቅ ነበራ» አሉ ወይዘሮ ልቅናሽ። «አርባ ዓመት የደበቀህ እኮ ይህንኑ ነው።»

አሎን የሙላትን እጅ ፈታ። ሙላት እጁን እያሻሸ ቆመ፣ ለመሄድም አልቸኮለም፤ እሑድ ከነገ ወዲያ ነው። አቶ ይርጋለም ከደረጃው ተነሡ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ልጄ። ለአዲር እኔው ልንገረው።»

«የቱን?» አለች ዘቢደር።

«መጀመሪያ አለመዝለሌን» አሉ። «ከዚያ ሌላውን።»