ከአልጋው የወረደው ሯጭ

ሯጩ የሞተው የመሮጫ ጫማውን አጥልቆ ነው። ነገሩ አልገጥም ያለው እዚያ ላይ ነበር፤ የአልጋ ቁራኛ ከሆነ ዓመት አልፎታል።

መርማሪዋ ደረጃው ሥር ከወደቀው አስከሬን አጠገብ ተንበርክካ የሟቹን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበች። ያ ሁሉ ሰው ሊደርስበት ያቃተው እግር! ባቱ በአንድ እጇ ጭብጥ ገባ። በሁለቱም ብብቱ ሥር የጣቶች ምልክት በልዟል።

«ጥላው ወጥታ ነው!» አለ የሟቹ ወንድም፣ ጄሶ የለበሰ ቀኝ እጁን ወደ ሟቹ ሴት ልጅ እየቀሰረ። «ትታሰርልኝ!»

«መድኃኒት ልገዛ ነው የወጣሁት። አንተ እቤት ነበርክ አይደል፣ አጎቴ?»

«ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ይመስክርልህ።»

«አባትሽ ማንኪያ ይይዝ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ የማጎርሰው። ሐኪሙ ይንቀሳቀስ ብሎ ነበር። አንዴ ሲሞክር ወደቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ፤ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት።»

የሟቹ አሮጌ አሰልጣኝ እያለከለከ ገባ። «አሁን ገና መስማቴ ነው» አለ።

«የጫማዎ ክር ተፈትቷል» አለችው መርማሪዋ።

ጎንበስ ብሎ አሰረ።

ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«በዚህ እግር ብቻውን ደረጃ አይደርስም። ማንኪያ ያቃተው ጣትም ጫማ አያስርም። ሰው አልብሶታል። የገፋው ሰው ቢሆን ብብቱን አይዝም፤ ደግፎት ነበር። አጎትየው በጄሶ እጁ ይህን አይችልም። የልጅቱ ጫማ ክር እንደ ማንም ሰው ተንጠልጥሏል። የሟቹ ግን ከታሰረ በኋላ ጫፉ ከሥር ተሸጉጧል። ሩጫ ላይ እንዳይፈታ፣ አይደል አሰልጣኝ? አሁን የራስዎን እንዳሰሩት።»

አሰልጣኙ ጫማውን አየ። መካድ አልሞከረም።

«አንዴ በእግሬ ከደጅ አውጣኝ ብሎ ለመነኝ። እግሩ ገና ጉልበት አለው ብዬ... አሥር ዓመት ያሠለጠንኩት እግር ነው! ደረጃው ላይ ሲከዳው እጄም ከዳኝ። ትንፋሹ ሲጠፋ ሸሸሁ።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ገደልኩብሽ፣ ልጄ።»

«እግሩንስ ማን ገደለው፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

መርማሪዋ ልጅቱ «እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት» ያለችው ትዝ አላት።

ልጅቱ የመድኃኒቱን ፌስታል ከጠረጴዛው አንስታ ደረጃውን ወጣች። ከአባቷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።