ግድግዳው ውስጥ ማን አለ?

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይቺ ትርሲት ናት። ቤቷ ደብረ ብርሃን ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ትርሲት ውሻ አትፈራም። ነጎድጓድም አትፈራም። አዲሱን ግድግዳ ግን ትፈራለች!

ግድግዳውን የሠራው አባቷ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ በትልቁ መስኮት ገብታ ታሞቀዋለች፤ ያኔ ዝም ይላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን «ቀጭ! ቀጭ!» ይላል።

«ማነህ አንተ?» ትላለች ትርሲት።

«ቀጭ! ቀጭ!»

ይሄ መልስ ነው? አይደለም!

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቷ ወጥ ቤት ሆና፣ «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» ስትል ሰማች። ልጁ ማለት ኪሩ ነው፤ የትርሲት ትንሽ ወንድም። ገና ጥርስ እንኳ አላወጣም።

«ከግድግዳው ሥር አስተኚው» አለ አባቷ። «ግድግዳው ውስጥ ሰው አለ። ቀን ይቀልጣል፤ ማታ ይረጋል» ሲልም ሰማችው።

ሰው! የሚቀልጥ ሰው! ትርሲት ከግድግዳው ሸሸት አለች። እናንተስ ብትሆኑ?

እናቷ ኪሩን ከነፍራሹ ግድግዳው ሥር አስተኛችው። «ትርሲትዬ፣ ወንድምሽን እያየሽ ጠብቂን፤ የተሰጣውን ልብስ አውርደን መጣን» አለቻት። አባቷም ተከትሏት ወጣ።

«ቀጭ! ቀጭ!»

«ማነህ አንተ?» አለች ቀስ ብላ።

«ቀጭ!»

ኪሩን ሊወስደው ነው! ትርሲት ፍራሹን ያዘች። ጎተት! ጎተት! እስከ በሩ ድረስ ጎተተችው።

በበሩ ሥር ግን ነፋስ ይገባል። «ሽው! ሽው!»

የኪሩ እጅ ቀዘቀዘ። አፍንጫው ቀላ። «እንጓ! እንጓ!» ብሎ አለቀሰ።

ትርሲት ሹራቧን አውልቃ ደረበችለት። እሱም አልበቃውም።

በሩ ጋ ብርድ አለ። ግድግዳው ጋ ሰው አለ። ወዴት ትሂድ?

ጎተት! ጎተት! ፍራሹን መለሰችው። በኪሩና በግድግዳው መሀል ገብታ ቁጭ አለች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔን ያዘኝ! እሱን ተወው!»

«ቀጭ!»

ማንም አልያዛት። ጀርባዋን ግን ሞቃት። ኪሩም ሞቀውና ዝም አለ።

በሩ ተከፈተ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለ አባቷ።

«አንተ ራስህ ግድግዳው ውስጥ ሰው አለ አላልክም?»

«ሰው? ኧረ ሰም ነው ያልኩት! ሰ-ም!» አባቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከግድግዳው ላይ አንዱን ጣውላ ከፈተላት። ውስጡ ከረጢት በከረጢት ነው፤ በየከረጢቱ እንደ ሻማ ያለ ሰም አለ። ትርሲት በጣቷ ነካ አደረገችው። ዳር ዳሩ ጠጥሯል፤ መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው።

«ቀን የፀሐይን ሙቀት ጠጥቶ ይቀልጣል» አላት። «ሲመሽ ይረጋል። እየረጋ ሳለ የጠጣውን ሙቀት ለእኛ ይመልስልናል።»

«ቀጭ ቀጭ የሚለውስ?»

«ሰሙ ሲረጋ ይኮማተራል። ያን ጊዜ ከረጢቱ ቀጭ ይላል።» አባቷ አሁንም ይስቃል።

ትርሲት ግን አልሳቀችም። «አባዬ፣ እኔ እኮ ሰው መስሎኝ ነው፣ ኪሩን እንዳይወስደው መሀል የገባሁት» አለችው።

አባቷ ሳቁን አቆመ። ብድግ አድርጎ አቀፋት።

እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስም አልለቀቃትም።