ደረጃው መሃል የቀረ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው ከስፌት ቤቱ ወደ መኖሪያቸው በሚያወጣው ደረጃ መሃል ላይ ተቀምጣ ነው። አንድ እጇ መደገፊያውን እንደያዘ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ላያት ሰው ትንሽ አረፍ ያለች ትመስል ነበር። ልጇም መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ «እማዬ፣ ተነሺ እንጂ» እያለች ደጋግማ ከተጣራች በኋላ ነው የነካቻት።

ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ሲጨርስ ነገሩ ግልጽ ነው አለ። እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሄዶ ሳንባዋን ዘግቶታል። ከወራት በፊትም እግሯ ላይ የረጋ ደም ተገኝቶባት ደም የሚያቀጥን ክኒን ታዞላት ነበር። «መድኃኒቱን እየወሰዱም የሚያጋጥማቸው አሉ» አለ። ይህን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፣ ከልጇ በቀር።

ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ያገኘችው መርማሪ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ፣ ኮቱ ሁሌ አንድ ቁጥር የሚሰፋው ቀጭን ሰው ነው። ንግግሩን ሁሉ በ«እስቲ» ስለሚጀምር ባልደረቦቹ አቶ እስቲ ይሉታል። ከዚህ የባሰ ስም ሊወጣልኝ ይችል ነበር ብሎ ተቀብሎታል።

«እስቲ ተቀመጪ» አላት። «ማንን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ራሴን።»

አቶ እስቲ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ክኒኑን ማታ ማታ የምሰጣት እኔ ነኝ» አለች። «በእጄ፣ ከውሃ ጋር። አልዘለልኩም ብዬ አምናለሁ፤ ግን ተሳስቼ ቢሆንስ? በመጨረሻዎቹ ቀናት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። “ልጄ፣ አየር አነሰኝ” ስትለኝ “ጭንቀት ነው እማ፣ ጋደም በይ” አልኳት። አሁን ደረጃውን ስወጣ ትንፋሿ ከኋላዬ ይሰማኛል። ዞር ስል ማንም የለም። የገደልኳት እኔ ከሆንኩ ልወቀው፤ ካልሆንኩም ልወቀው። እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።»

መርማሪው ለቅሶ ለምዷል። ይቺ ግን አላለቀሰችም፤ ከወንበሩ ያስነሳው አለማልቀሷ ነው።

ስፌት ቤቱ የሙሽራ ልብስ ብቻ የሚሰፋበት ነው። ጭንቅላት የሌላቸው የልብስ ማሳያዎች ነጭ ለብሰው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። አቶ እስቲ መንፈስ አይፈራም፤ ሆኖም ጀርባውን ላለመስጠት በጎኑ እየሄደ አለፋቸው። በጥግ በኩል ልብስ ተኳሹ ካውያውን ይዞ ቆሟል።

«እስቲ ስለ እሷ ንገረኝ።»

«ምን ልንገርዎ ጌታዬ፣ ሆደ ቡቡ ነበረች። ደም ረጋ ካሏት ወዲህ ግን እንቅልፍ አልነበራትም። አንዱ አብጦ እንደሆነ ብላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ባቷን በሜትር ትለካለች። “ለእግርሽ ሱሪ ልትሰፊለት ነው ወይ?” እያልኩ እቀልድባት ነበር። ታናሽ እህቷማ ከእኔ ብሳ በሳቅ ትሞታለች።» ካውያውን አነሳና ምንም ሳይተኩስ መልሶ አስቀመጠው። «በኋላ ላይ “ግራው ሰፋብኝ” ስትለኝም ቀለድኩ። ምነው አፌን በቆረጠው።»

«ትንፋሽ ሲያጥራትስ?»

«ሐሳብ ነው፣ ተይው አልኳት።»

«ሥራዋ ላይ ለውጥ አላየህም?»

«ኧረ እንዲያውም ተሻሽሎላት ነበር! መድኃኒቱን እንደጀመረች መርፌ ጫር ባደረጋት ቁጥር ደሟ አልቆም እያለ ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ ይላል። ሰፊ የገዛ ደሙን በገዛ ምራቁ ነው የሚያስለቅቀው። እሷም እንትፍ ብላ ታሸዋለች፤ እኔ ስተኩስ ግን ቢጫ ክብ ብቅ ይልብኛል። ሙሽሮች ልብስ መለሱብን፤ እህትየው አበደች። በኋላ ግን ጨርቁ ንጹህ ሆነልን።»

«እንዴት?»

«መጠንቀቅ ጀምራ ይሆናላ።»

ታናሽ እህቷ፣ የልጅቷ አክስት፣ የቤቱ ቆራጭ ናት። ሟች የምትሰፋው እሷ የቆረጠችውን ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት። መቀሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«እስቲ እርስዎ ምን አሏት?» አለ መርማሪው። «ትንፋሼ አጠረ ስትል።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ ነዋ! አንዴ መሰለዎት? ለምኛታለሁ። እነዚህ ጭንቀት ነው ይሏታል፣ እኔ ግን ተነሺ ሂጂ እላታለሁ። ይሄ ልብስ ይለቅና እሄዳለሁ እያለች ቀረች።»

«እግዜር ያጽናዎት» አለና ወደ ልጅቷ ዞረ። «ክኒኑ የት ነው?»

ልጅቷ ከአዝራር መደርደሪያው ላይ አንድ ትንሽ ብልቃጥ አወረደች። እዚያ ቤት ቁልፍም፣ ዶቃም፣ መርፌም፣ ክኒንም የሚቀመጠው በብልቃጥ ነው።

«ማሸጊያውን መፈልቀቅ ጣቷን ያማታል» አለች። «ስለዚህ ሲገዛ ሁሉንም ፈልቅቀን እዚህ እንከተዋለን።»

«ያልተፈለቀቀ አለ?»

«ብልቃጡ ሲሞላ የተረፈ አንድ ማሸጊያ መሳቢያ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።»

አቶ እስቲ ብልቃጡንም ማሸጊያውንም ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ወደ አስከሬን ክፍል፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ ሄደ።

በማግስቱ ሦስቱንም የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው። የሟች ወንበር ባዶ ነበር። ማንም ሳያስበው ሁሉም ከሱ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

«እስቲ ከጣቷ እንጀምር» አለ። «ግራ እጇን አይቼ መጣሁ። ጫፍ ጫፉ መርፌ ያልነካው ቦታ የለም፤ ትናንት የተወጋ የሚመስልም አለበት። ስለዚህ መጠንቀቅ አልጀመረችም። ጨርቁ ግን ንጹህ ነው። መርፌው እየወጋት ደሟ ካልተንጠባጠበ፣ ቶሎ ይቆም ነበር ማለት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደም እንዲህ ቶሎ አይቆምም።»

«በየማታው ውጣለች እኮ!» አለች ልጅቷ።

«ውጣለች። የዋጠችው ግን ይሄንን ነው።» ሁለት ክኒን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱም ትንንሽ፣ ነጭ፣ ክብ ናቸው። ከማሸጊያው የወጣው ልሙጥ ነው፤ የብልቃጡ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር አለው። «ፋርማሲስቷ አይታዋለች። ተራ ቫይታሚን ነው።»

ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ደበቀችው።

«ማን ቀየረው?» አለ መርማሪው። «አንቺ ብትሆኚ ሐኪሙ የዘጋውን ነገር ጣቢያ ድረስ መጥተሽ አታስከፍቺም። ተኳሹ ቢሆን ስለ ደሙ ጨርሶ አያነሳልኝም ነበር።»

«እኔ ስለቀረሁ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች አክስቲቱ።

«አይደለም። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ልጅቷ ጭንቀት ነው አለች፣ ተኳሹ ሐሳብ ነው አለ። መድኃኒቷን እየወሰደች ነው ብሎ ያመነ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። እርስዎ ግን በፍርሃቷ ከሁሉም ይበልጥ ይስቁ ነበር። ድንገት ሳቁን ትተው ሐኪም ቤት ሂጂ ማለት ጀመሩ። የትንፋሿ ማጠር የምር መሆኑን ከዚህ ቤት እርስዎ ብቻ አወቁ። በምን አወቁ?»

አክስቲቱ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ነጩን የሙሽራ ጨርቅ መስሏል።

«ልገድላት አይደለም» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «የያዝነው ትልቁ የሙሽራ ልብስ እስኪያልቅ ብቻ ብዬ ነው። ሐኪሞች ያካብዳሉ፣ ደህና ናት ብዬ። ሌላ ልብስ በደም ከተመለሰብን ስማችን አለቀለት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆማ ስትተነፍስ ሰማኋት። የዚያን ዕለት ልመልሰው ብልቃጡን አነሳሁ። አንቺ ገባሽ፤ አስቀመጥኩት።»

«ለምን አልነገርሻትም?» አለች ልጅቷ። «ክኒኑን ቀይሬዋለሁ ብትያት እኮ ሮጣ ነበር የምትሄደው!»

«ፈራኋት። ሁለተኛ አታናግረኝም ብዬ ፈራሁ። ሂጂ ካልኳት ሐኪሞቹ ያገኙታል፣ እኔም ሳልነግራት ያልፋል ብዬ ነበር።» መቀሷን ከራሷ ገፋ አደረገችው። «የመጨረሻ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ “አንቺስ ጭንቀት ነው ትያለሽ?” አለችኝ። “አይደለም” አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችኝ። “ተመስገን፣ ከሁሉም የምታምኚኝ አንቺ ብቻ ነሽ” አለችኝ።»

ተኳሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አቶ እስቲ አክስቲቱን አስነሳና በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ልጅቷ ተመለሰ።

«የመጣሽበትን አገኘሽ» አላት። «እጅሽ ንጹህ ነው።»

ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው።

«እጄስ ይሁን» አለች። «ያላመንኳት ግን እኔ ነኝ።»

መርማሪው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላት።