ሃያ አራት ቀይ ክሮች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝበት ምላሴ ይታሰር፤ ከዛሬ ጀምሮም ዱባ የሚባል ነገር በአፌ አይዙር። ዱባ እንዴት እንደምወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፣ ስለዚህ መሐላዬ ቀላል አይደለም። «ዱባ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ያጋልጣል እንዴ?» ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር።

ሟቹ የተገኘው ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሚዛን ክፍሉ ውስጥ ነው። በግንባሩ ተደፍቶ አንድ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው የብረት ሣጥን ዘርግቷል። ራሱ አጠገብ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የሚዛን ብረት ወድቋል። ሣጥኑ ክፍት ነው፤ ውስጡ አቧራ ብቻ። አቧራው ላይ ግን ደብተር የሚያህል ንጹሕ ቦታ ይታያል።

ሰውየውን ሁሉም «ባለ ዘሩ» ይሉት ነበር። ዓመት ቢቀመጥ የማይበላሽ ሰማያዊ ዱባ አለው፤ የዚያን ዱባ ዘር እየሸጠ ነው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሠራው።

ለምርመራው የተላከው ኢንስፔክተር ደግሞ ቅጽል ስሙ «ዝግታ» ነው። ከመኪና ሲወርድ አንድ እግሩን አውርዶ፣ ጥቂት አስቦበት፣ ከዚያ ነው ሌላኛውን የሚያወርደው ይላሉ ባልደረቦቹ። የዚያን ዕለት ሁለተኛው እግሩ መሬት ሳይነካ የሟች ሚስት ደረሰችበት።

«መጡ? ገዳዩ ያውልዎት፤ ምን ይጠብቃሉ?» አለች ጣቷን ቀስራ። የቀሰረችው በባሏ ታናሽ ወንድም ላይ ነው። ታናሽየው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ሲገድል አይተውታል?»

«ማየት ለምን ያስፈልገኛል? ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። እሱን ግን አውቀዋለሁ! እስር ቤት ሲበሰብስ ሳላይ ይህን ጥቁር ከላዬ አላወልቅም!»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትናንት ማታ 'አንድ ቀን በዚሁ በሚዛንህ ብረት ነው የምፈነክትህ' ሲለው ሰምቻለሁ።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ዛሬ ጧትስ ወደ ሚዛን ክፍሉ ማን ገባ?»

«እሱን አላየሁም። ተኝቼ… ማለቴ ዓይኔን ጨፍኜ እየጠበቅኩ ነበር።»

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ሰውየው የሞተው አንድ ሰዓት ገደማ ነው አለ። ዝግታ የሚስትየውን ስልክ ተቀብሎ አየ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አንድ ጥሪ ነው፣ ሳይቋረጥ። እህትየው ስትጠየቅ «ጆሮዬ እስኪግል!» ብላ መሰከረች። እንግዲህ ከሚስትየውና በር ላይ ከተኛው ዘበኛ በቀር በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ታናሽ ወንድሙና እታለም።

እታለም የአበባ ሥራው አለቃ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ባሏ ከሞተባት ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርታለች። ባለ ዘሩ ራሱ ነው «አሳዘነችኝ» ብሎ የቀጠራት። ከእርሷ የሚበልጡትም ሳይቀሩ «እታለም» ነው የሚሏት።

«ጧት የት ነበሩ?» አላት ዝግታ።

«ሥራዬ ላይ ነዋ! ይምጡ ላሳይዎት» ብላ በፕላስቲክ ወደተሸፈነው የዱባ ማሳ፣ ወደ ግሪንሃውሱ መራችው።

ግሪንሃውሱ ውስጥ ሁለት ረጃጅም መደቦች አሉ። ሐረጉ በገመድ ላይ ተስቦ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቷል፤ በአንዱ መደብ ያለ ሰው በሌላው ያለውን አያይም። የሚዛን ክፍሉ በር ከመደቦቹ መጨረሻ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ ነው የሚያወጣው» አለች እታለም። ስለ አበባ ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። «ይህች ሴቴዋ ናት፤ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ የመሰለች ጉብጉቢት አለቻት። ወንዴው ጉብጉቢት የለውም፤ መሐሉ ላይ ቢጫ ብናኝ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚፈኩት ለአንድ ጧት ነው። ረፋድ ሲሆን ይጨማደዳሉ።»

«ታዲያ ይህን ንብ አትሠራውም?»

«ንብማ ካገኘችው ጋር ነው የምታጋባው! እኛ እናትየዋን ከዚህ፣ አባትየውን ግንቡ ኋላ ካለው መደብ መርጠን ነው የምንድረው። ሰማያዊው ዱባ ከሁለቱ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ነገ የሚፈካውን ሴቴ እምቡጥ ማታ በልብስ መቆንጠጫ እንዘጋዋለን፤ ንብ እንዳትቀድመን። ጧት ወንዴውን ቆርጠን፣ ቢጫ ልብሱን ገፍፈን፣ ሴቴዋን ከፍተን ብናኙን እናስነካታለን። ከዚያ መቆንጠጫውን ትተን በክር እናስራታለን።»

«ክሩ ለምን ቀለሙ ተለያየ?»

«ማን እንደ ዳረ እንዲታወቅ! ቀዩ የእኔ ነው፤ አረንጓዴው የታናሽየው። ይቁጠሩት፤ የእኔ ሃያ አራት ነው። አንዷ አምስት ደቂቃ ትፈጃለች። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ቀና አላልኩም።»

ዝግታ አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። ሃያ አራት ቀይ ክር። በሌላው መደብ ግን አረንጓዴ ክር ያሰሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ አሥራ አምስቱ እንደተቆነጠጡ ቀርተዋል።

«ዘጠኝ ብቻ?» አለው ታናሽየውን።

«ተናድጄ ስለነበር ሲጋራ ላጨስ ወጣሁ።»

«ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ገደማ… አይ፣ እኔ…»

«ሰማችሁ!» ጮኸች ሚስትየው ከበሩ። «በገዛ አፉ! ውሰዱልኝ!»

ወሰዱት። ዝግታ ግን ወደ ኋላ ቀረና መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። በአረንጓዴው መደብ ሥር የተገፈፈ ቢጫ አበባ ተበትኖ ተረጋግጧል። በቀዩ መደብ ሥር አንዲትም የለችም። የታናሽየው ጣቶች በብናኝ ቢጫ ነበሩ፤ የእታለም ጣቶች ደግሞ የሙሽራ ጣት ይመስላሉ።

«ንጹሕ ሠራተኛ ነዎት» አላት።

«እናቴ ቆሻሻ አላስተማረችኝም» አለች ፈገግ ብላ።

ዳኛው ስምንት ቀን ሰጡ። በስምንተኛው ቀን ታናሽየው ለክስ ይቀርባል። ዛቻው፣ ብረቱና ያልተዳሩት አሥራ አምስት አበቦች ተደምረው ዕድሜ ልክ እንደሚያስፈርዱበት ማንም አልተጠራጠረም። ዝግታ ማረፊያ ቤት ሄዶ ከፊቱ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። አበባ መዳሯ በምን ይታወቃል?»

ታናሽየው በንዴት ሳቀ። «እኔ ልሰቀል ነው፣ እርስዎ የአበባ ሠርግ ይጠይቁኛል?»

«ግድ የለህም፣ ንገረኝ።»

«ብናኙን ከተቀበለች ጉብጉቢቷ ታብጣለች፤ በሳምንት ጡጫ ታህላለች። ካልተቀበለች ቢጫ ሆና፣ ተጨማድዳ ትወድቃለች። በክር ቢያስሯትም በሰንሰለት ቢያስሯትም ያው ነው።»

ዝግታ ተነሣ፤ ለወትሮው በማይታወቅበት ፍጥነት። ግሪንሃውሱን አሸገው። ፖሊስ እያየው ዘበኛው ውሃ እንዲያጠጣ እንጂ ሌላ ሰው ድርሽ እንዳይል አዘዘ።

ሚስትየው በየቀኑ ጣቢያ እየመጣች ጠረጴዛ ትደበድባለች። «ባሌ አፈር ለብሶ እርስዎ ዱባ ይጠብቃሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ስምዎን ያወጣልዎ ሰው ሊሸለም ይገባዋል!»

በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሁሉም ግሪንሃውሱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው በጥቁሯ ፊት ለፊት ቆማለች። ታናሽየው እጁ በካቴና፣ እታለም በንጹሕ ሽርጧ፣ ዘበኛው ለአንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ መጥቷል።

ዝግታ መጀመሪያ አረንጓዴ ክር ያሰሩትን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ከዘጠኙ ስምንቱ ጡጫ የሚያህል ዱባ ይዘዋል። ከዚያ ወደ ቀዩ መደብ ዞሮ ተንበረከከ። መሬት ላይ፣ የደረቀ በርበሬ የመሰለ ነገር ተበትኗል። አንድ በአንድ እያነሣ መዳፉ ላይ አኖራቸው። ሁሉም ቀይ ክራቸውን እንዳሰሩ ናቸው።

«ሃያ አራት» አለ ሲጨርስ። «አንዲት እንኳ አልያዘችም።»

«ሙቀቱ ነው» አለች እታለም ቶሎ ብላ። «ሙቀት ሲበዛ ይረግፋሉ።»

«ጣሪያው አንድ፣ የውሃው ቧንቧ አንድ፣ ሐረጉም አንድ። ሙቀቱ አረንጓዴ ክር ይፈራል?»

ዘበኛው ሳቅ አፈነ።

«እንግዲህ በቀስታ እንሂድ» አለ ዝግታ። «እነዚህ አበቦች ብናኝ አላገኙም። ሳይዳሩ ክር ታስሮላቸዋል። መቼ? ጧት ቢሆን ኖሮ ወንዴው እዚያው እጅዎ ላይ ነበር፤ ሳይዳሩ ማሰር ምን ይጠቅምዎታል? የታሰሩት ማታ ነው፤ በመቆንጠጫ ፈንታ በቀይ ክር። ማታ ደግሞ ወንዴው ገና አልፈካም። ለዚህ ነው መሬቱ ላይ የተገፈፈ አበባ ያልነበረው፤ ለዚህ ነው ጣትዎ ንጹሕ የነበረው። እናም ጧት ሁለት ሰዓት ሙሉ ነጻ ነበሩ። ሃያ እርምጃ ሄዱ። የዛቻውን ብረት አነሡ፣ ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አውቀው።»

«እታለም?» አለ ታናሽየው። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። «በእኔ ላይ? እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ከእሱ ጋር ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣኸው» አለች ሳታየው። «ያ በቃኝ።»

ዝግታ ከኮቱ ውስጥ ዳሩ የተቃጠለ አሮጌ ደብተር አወጣ።

«ይህን ዛሬ ጧት በፍርድ ቤት ፈቃድ ከአልጋዎ ሥር አገኘነው። ከሣጥኑ የጠፋው እሱ ነው። የማን ጽሑፍ ነው?»

«የባሌ» አለች እታለም። አሁን የምትናገረው ለሚስትየው ነው። «ሰማያዊውን ዱባ የፈጠረው ባሌ ነው፤ እናትየዋን ከአንድ ቦታ፣ አባትየውን ከሌላ ቦታ ለቅሞ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲድር ኖሮ። ያንቺ ባል ጓደኛው ነበር፤ ማታ ማታ ቤታችን ነበር የሚበላው። አንድ ቀን ቤታችን ነደደ። 'ደብተሩም ዘሩም አብሮ ነደደ' ብሎ ከባሌ ጋር አለቀሰ። ባሌ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም፤ በዓመቱ ቀበርኩት። ሰማያዊው ዱባ ገበያ ሲወጣ እንኳ 'ከትዝታው ሞክሬ አወጣሁት' አለኝ። አመንኩት! አሥራ አንድ ዓመት እጁን ስሜ ደመወዝ ተቀበልኩ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሣጥኑን ከፍቶ ረስቶ ወጣ፤ ይህን ደብተር አየሁት።»

ዝግታ ደብተሩን ወደ ኮቱ መለሰው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ዝግታ። «ከገደሉት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ነበረዎት። አበቦቹ ገና አልተጨማደዱም ነበር። ተመልሰው ቢድሯቸው ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

እታለም ራሷን ቀና አደረገች።

«አውቃለሁ። ወንዴውን ሁሉ ቆርጬ ይዤ መጥቼ፣ መደቡ ፊት ቆምኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከሬሳው በላይ ቆሜ የማልኩት ነገር ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ቤት አንዲት ፍሬ በእጄ አታፈራም ብዬ። ወንዴዎቹን ምድጃ ከተትኳቸው።»

ካቴናው ከታናሽየው እጅ ወልቆ ወደ እርሷ ዞረ። እታለም በበሩ ስታልፍ ሚስትየው ፊት ቆመች፤ አንገቷን ደፍታ «ይቅር በይኝ» አለች። ሚስትየውም አለቀሰች። ታሪኩ እዚህ አለቀ።

እንደ ማልኩት፣ ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ «ይቅር በይኝ»ን። እርሱን የጨመርኩት የምነግራቸው ሰዎች እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ነው። እታለም ይቅርታ አልጠየቀችም። በሩ ላይ ቆማ ለሚስትየው ያለቻት እንዲህ ነው፦

«ግንቡ ኋላ ሂጂና የአባትየውን መደብ እይው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር።»

ሮጠው ሄዱ። ዝግታ እንኳ ሮጠ። ግሪንሃውሱን ሲያሽግ ያንን መደብ አላሸገውም ነበር፤ የጠበቃቸው ሰባት ቀናት ለእርሷም ሰባት ቀናት ነበሩ። አባትየው ሐረግ አንድ ሳይቀር ተነቅሎ፣ ሥሩ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ ደርቋል። ባለ ዘሩ ከራሱ በቀር ማንንም ስለማያምን የአባትየውን መጠባበቂያ ዘር በአንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነበር የሚያኖረው፤ ቆርቆሮዋም መደቡ መሐል ባዶዋን፣ ክዳኗ ተከፍቶ ተቀምጣለች። ከታናሽየው ስምንት ዱባ ዘር ቢወጣ የአንድ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚዘራ ሰው ከአንዱ ቢጫ፣ ከአንዱ ጠማማ፣ ከአንዱ ምንም እንጂ ሰማያዊውን ዱባ አያገኝም።

በተነቀለው እያንዳንዱ ሥር ላይ ደግሞ፣ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ፣ ቀይ ክር ታስሯል።