ደረቱን ያልገለጠው ሰው

ሰውየው የሞተው ጤና ሲፈልግ ነው። እቤቱ ካስገባው መሮጫ ማሽን ሥር በጎኑ ተዘርሯል፤ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራቡን እስከ አንገቱ ድረስ ለብሷል። መጋረጃው ዝግ ነው። ትልቁን መስታወት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስሙ ለዓይኗ ነው እንጂ ሰውነቷስ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አስከሬን መርማሪው ሐኪም ሹራቡን በመቀስ ሲቀድደው ደረቱን ከዳር እስከ ዳር እንደ ምንጣፍ የሸፈነ ፀጉር፣ ከበታቹም ትልቅ ሆድ ወጣ። አንዱ ፖሊስ ፈገግ አለ። መርማሪዋ በዓይኗ ገረፈችው፤ እሷም በሆዷ ስቃ እንደነበር ስለምታውቅ ግን አንገቷን ደፋች።

ሟቹን ስፖርት ታሠራ የነበረችው አሠልጣኝ ኮሪደር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ከራስጌዋ ቆሞ ይጮሃል።

«ይቺ ናት የገደለችው። እንደ ጋሪ ፈረስ ነድታ ነድታ ጣለችው።»

«አንተ ዞር በልልኝ» አለችው መርማሪዋ። «አንቺ ልጄ፣ ሲወድቁ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ አጠገባቸው። ግን እኮ እትዬ፣ ሳላስመረምር ማንንም አላሠራም። እየሮጡ የሚደረገውን የልብ ምርመራ አሠርተው ይምጡ አልኳቸው፤ ደህና ነዎት የሚል ውጤት አመጡ። ሰሞኑን ደረታቸውን ወጋ ሲያደርጋቸው እንኳ፣ ልብዎ ንጹሕ ነው፣ አይዞዎት፣ ብዬ አስቀጠልኳቸው። ልታስሩኝ ነው አይደል? እናቴ የምታድረው በእኔ ሥራ ነው።»

«እንደዚያ ስትያቸው ማን ነበር?»

«ወንድማቸው። በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ምንም አላሉም።»

ሚስቲቱ ሳሎን ነበረች።

«ባልዎ እንደ ሰው ጂም አይሄዱም ነበር? አሠልጣኟን እዚህ ቤት ድረስ ምን አመጣት?»

«ሰው ፊት ሊዘል? ያፍራላ። የልጃችን ሠርግ ደርሶ ሱፉ እምቢ አለው፤ ያኔ ነው አሠልጣኝ የቀጠረው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔም አላስቀምጠውም። ሆዱ ቀድሞ ገብቶ ሰላም ይላችኋል፣ እሱ ኋላ ይደርሳል፣ እላለሁ። እንግዳው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።»

«እሳቸውስ?»

«እሱማ ከሁሉ በላይ ነበር የሚስቀው።»

ወንድሙ ተራው ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሰውዬው ቀጭን ነው፤ ፊቱ ግን ቁርጥ ሟቹን።

«ሐኪም ቤት ማን ወሰዳቸው?»

«እኔ ነኝ ያደረስኩት።»

«አብረህ ገባህ?»

«ውጭ ጠበቅኩት።» እጁ ሳይታወቀው በሸሚዙ ላይ ደረቱን ያካል። ቁልፉን እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሙቀቱ ነው።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሐኪም ቤት ዋለች። ከዚያ ሦስቱንም ያው ማሽን ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አሠልጣኟ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ነው የመጣችው፤ ከዚያው ወደ እስር ቤት የምትሄድ መስሏታል።

«የሟቹ ልብ ከታመመ ዓመታት አልፈውታል» አለች መርማሪዋ። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም፣ በዚህ ልብ ያንን ምርመራ ማለፍ አይቻልም፣ ብሎኛል። ስለዚህ ወይ ውጤቱ የውሸት ነው፣ ወይ ልቡ የሌላ ሰው ነው። ሄጄ ጠየቅሁ። ምርመራው በደንብ ተደርጓል፤ መታወቂያም አይተዋል። እንዴት እንደሚሠሩትም አሳዩኝ። ሽቦዎቹን ደረት ላይ ይለጥፋሉ። ፀጉራም ደረት ላይ አልጣበቅ ስለሚል ቦታ ቦታውን ይላጩታል። የእሳቸውን ደረት ትናንት አይቼዋለሁ። ምላጭ የነካው ቦታ የለም።»

«ታዲያ ማን ተመረመረ?» አለች ሚስቲቱ።

«መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የወጣትነታቸው ነው፤ ቀጭን ነበሩ። ያንን ፎቶ ከእሳቸው ይልቅ የሚመስል ሰው እዚህ ቤት አለ። የተላጨ ፀጉር ደግሞ መልሶ ሲበቅል ያሳክካል።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «ሸሚዝህን ክፈተው።»

ሁለቱን ሴቶች አየ። ከዚያ ከፈተው። በደረቱ ፀጉር መሃል ክብ ክብ የተላጩ ቦታዎች ነበሩ፤ አጫጭር ፀጉር አቆጥቁጦባቸዋል።

«ጋሼ ለመነኝ» አለ። «ተወልጄ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም። ሐኪም ፊት ልብሴን ከማወልቅ ሞቴን እመርጣለሁ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ።»

«ደረቱን ሲወጋው ግን አይተሃል። ይቺ ልጅ ልብዎ ንጹሕ ነው ስትለውም ሰምተሃል። ያ ልብ የማን እንደሆነ ከአንተና ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

«ቀና ብሎ አየኝ። እንዳትናገር ማለቱ ነው። ሴት ፊት እንዴት ላዋርደው?»

«ከሞተ በኋላስ? ይቺን ምስኪን ለምን ትከስሳለህ?»

«አፍሬ ነው። እኔ ነኝ ከማለት እሷ ናት ማለት ቀለለኝ።»

አሠልጣኟ ፌስታሏን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እኔም አንድም ቀን ሹራብዎን ያውልቁ፣ የልብዎን ምት ልለካ፣ አላልኳቸውም» አለች። «እንዳይከፋቸው ብዬ።»

«ዳኛ ፊት የሚቀርበው እሱ ነው። አንቺ ወደ እናትሽ ሂጂ» አለቻት መርማሪዋ። ልጅቷ ግን አልተነሳችም።

«ሐኪሙ ምን ያደርገኛል ብሎ ነው?» አለች ሚስቲቱ፣ ማንንም ሳታይ።

ወንድሙ መሬት መሬቱን እያየ መለሰላት። «ይስቅብኛል ብሎ ነው፣ እትዬ። እንደ ቤቱ እንግዳ።»

ሚስቲቱ ብድግ አለች። ፊቱ ሄዳ ስትቆም በጥፊ ልታጮለው ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሱም ዓይኑን ጨፈነ። እጇ ግን ወደ ሸሚዙ ሄደ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት፣ እስከ ጉሮሮው።

«እንዲህ ሆነህ ደጅ አትወጣም» አለችው። «ሰው ይስቅብሃል።»