ሥጋ የማይለየው መጋዝ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሰገነት ከተማ ሠላሳኛ ፎቅ በምትገኘው ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አናጺዋ ትርንጎ፣ በያጁ ጋሼ ዳምጠውና የከተማው የማሽን ተቆጣጣሪ አቶ መክብብ። ትርንጎ ሰው ሠራሽ ቀኝ እጇን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የአውራ ጣቱን ማጠፊያ ዘይት እየቀባች ነበር።

በከተማዋ ያለ መጋዝ ሁሉ «ሥጋ-ለይ» አለው። ሥጋ-ለይ ሕያው እጅ ወደ ምላጩ ሲጠጋ አውቆ ማሽኑን የሚያቆም ዓይን ነው። ባለፈው ክረምት ግን አዲስ ትእዛዝ ተጫነበት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕያው እጅ ካላየ አይነሳም። ትርንጎ ፊቱ በቆመች ቁጥር «ሠራተኛ የለም» ይላል።

«እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ ጥላ?» አለችና የራሷን መጋዝ መሥራት ጀመረች።

ቤቷ ጣውላ አጋድሞ ለመቁረጥ አትበቃም። ስለዚህ መጋዙን ቋሚ አደረገችው። ጋሼ ዳምጠው ሁለት የብረት ቱቦላሬ በይደው ግድግዳው ላይ ጋደል አድርገው አቆሙላት። እሷ ምላጩንና ዲናሞውን በቱቦላሬው ላይ በሚንሸራተት ኩሽኔታ ጫነች፤ ከተጣለ ሊፍት በፈታችው ገመድ አንጠልጥላ፣ በሌላኛው ጫፍ ለሚዛን አሸዋ የሞላ ጣሳ አሰረች። ጣውላው ቆሞ ይጠብቃል፤ ምላጩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ቁራጭ ጠመመ።

«ይህ ለፍየል በረት ይሆናል» ብለው ጋሼ ዳምጠው ሳቁባት። ከቱቦላሬው ሥር ቆርቆሮ ሸጉጣ አቀናችው።

አሁን ማሽኑን ሊያሽጉ የመጡት አቶ መክብብ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይመለከቱታል።

«ሥጋ-ለዩ የታለ?»

«የለውም።»

«ሰው ቢጠጋው ማን ያቆመዋል?»

«እኛ።» ትርንጎ እጇን ገጠመች። «መጀመሪያ ሲቆርጥ ይዩት። ከዚያ ያሽጉት።»

ዲናሞው ጮኸ። ትርንጎ እጀታውን ይዛ ተጣራች።

«ጋሼ ዳምጠው!»

«አለሁ!» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

«አቶ መክብብ!»

እሳቸው ዓይናቸውን ከምላጩ አላነሱም። ምላጩ አልወረደም።

«ቁረጪ እንጂ!» አሉ አቶ መክብብ።

«እጅዎን አላየሁትም።»

«ኪሴ ውስጥ ነው! እዚህ ቆሜ አታዪኝም እንዴ?»

«እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ካልመለሰ አልቆርጥም።»

«እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ!»

«ምላጭ መቼ ሹመት ይለያል፣ ጌታው!» አሉ ጋሼ ዳምጠው።

አቶ መክብብ እጃቸውን አወጡ። የቢሯቸው በር፣ ሊፍቱ፣ የቤታቸው ምድጃ ሳይቀር በየቀኑ ሥጋቸውን ያነባል፤ ይከፈታል፣ ይነሳል፣ ይሞቃል። መኖራቸውን ከራሳቸው አፍ ለመስማት ቆሞ የጠበቀ ማሽን ግን ገጥሟቸው አያውቅም። እጃቸውን እስከ ደረታቸው አነሱ።

«አለሁ» አሉ በቀስታ።

«አልሰማሁም!»

«አለሁ አልኩ!»

ምላጩ ወረደ። የቀርከሃው ጣውላ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። አቶ መክብብ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሕጉ ይህን ጥሪ አያውቀውም» አሉ በመጨረሻ።

«እኔንም አያውቀኝም» አለች ትርንጎ። «እኔ ግን እየቆረጥኩ ነው።»

አቶ መክብብ ማሽኑን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸጉት። ሊፍቱ ጋ ሳይደርሱ ትርንጎ ማኅተሙን በጠሰችው። አቶ መክብብ የዲናሞውን ድምፅ ሰሙ፤ አልተመለሱም።